የግብር ከፋዩ የመብቶች ድንጋጌ፦ በኮሎራዶ የግብር ጭማሪንና የመንግሥት ቁጥጥርን የመቃወም እንቅስቃሴ

በአሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል በምትገኘው በኮሎራዶ፣ የግዛቲቱ ምክር ቤትም ሆነ የየከተማው አስተዳደር አዲስ ግብር ለመጣል ወይም የነባሩን ምጣኔ ከፍ ለማድረግ በራሱ ሥልጣን ሊወስን አይችልም፤ ጉዳዩን ለመራጩ ሕዝብ አቅርቦ ማስፈቀድ ግዴታው ነው። ይህን ግዴታ የጣለው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1992 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀውና በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 10 ክፍል 20 ላይ የሰፈረው የግብር ከፋዩ የመብቶች ድንጋጌ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአገሩ ሰው ድንጋጌውን የሚጠራው ከእንግሊዝኛ ስሙ መነሻ ፊደላት በተገኘው «ታቦር» በሚለው ምህጻር ሲሆን፣ አማርኛ ተናጋሪው ሲሰማው ቡሄንና ደብረ ታቦርን ማስታወሱ ባይቀርም በሁለቱ መካከል አንዳች ዝምድና የለም።

የእንቅስቃሴው ምንጭ ካሊፎርኒያ ናት። በ1970ዎቹ በዚያ የቤት ዋጋ በየዓመቱ ሲያሻቅብ በዋጋው ላይ ተመሥርቶ የሚሰላው የንብረት ግብርም አብሮ ይንር ስለነበር፣ ቤታቸው በወረቀት ላይ ያበለጸጋቸው ነገር ግን ገቢያቸው ያልጨመረ ጡረተኞች ግብሩን መክፈል አቅቷቸው ነበር። ሃዋርድ ጃርቪስና ፖል ጋን ፊርማ አሰባስበው ያቀረቡት ፕሮፖዚሽን 13 የተባለው የሕዝበ ውሳኔ ሐሳብ በሰኔ 1978 ወደ 65 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ ጸደቀ፤ የንብረት ግብርን በተገመተው ዋጋ 1 በመቶ ላይ ገደበ፣ ግምቱም ቤቱ ካልተሸጠ በስተቀር በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ከለከለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ማሳቹሴትስ ተመሳሳይ ገደብ አወጣች። በዋና ከተማዋ በዋሽንግተን ደግሞ የግብር ጭማሪ ተቃዋሚው ግሮቨር ኖርኩዊስት ከ1986 ጀምሮ ዕጩዎችን «ግብር አልጨምርም» የሚል ቃል ኪዳን ያስፈርም ጀመር። ቃል ኪዳኑ የሚያስረው ፖለቲከኛውን ብቻ ነው፤ ፖለቲከኛ ደግሞ ቃሉን ያጥፋል ወይም ቦታውን ይለቃል። በኮሎራዶ የተደረገው ከዚህ የተለየው ማንንም ፖለቲከኛ ላለማመን በመወሰኑ ነው።

ድንጋጌውን የጻፈው ዳግላስ ብሩስ በሎስ አንጀለስ ዐቃቤ ሕግ የነበረና በ1986 ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ተዛውሮ ቤቶችን በማከራየት የሚተዳደር ሰው ነበር። ሐሳቡን በ1988 እና በ1990 ለሕዝብ አቅርቦ ሁለቱንም ጊዜ ተሸንፏል፤ በሦስተኛው ሙከራ ግን ወደ 54 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ አገኘ። ጠባዩ ለደጋፊዎቹም የሚመች አልነበረም። በ2008 የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል ሆኖ በገባበት ሰሞን አንድ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺን በእግሩ በመምታቱ ምክር ቤቱ በይፋ ወቀሰው፤ በ2011 ደግሞ በግብር ማጭበርበር ጥፋተኛ ተብሎ በተከታዩ ዓመት ወደ እስር ቤት ወረደ። ድንጋጌው ግን ከጸሐፊው ዕጣ ጋር አልተያያዘም።

የታቦር ኃይል ያለው ከክልከላው ይልቅ በአጠያየቁ ነው ማለት ይቻላል። ግብር ለመጨመር የሚቀርብ ማንኛውም ጥያቄ በምን ቃላት መጀመር እንዳለበት ሕገ መንግሥቱ ራሱ ወስኗል፦ «የግዛቲቱ ግብር በየዓመቱ በዚህን ያህል ዶላር ይጨመርን?» የሚለው ሐረግ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ከመነገሩ በፊት፣ ከነአኃዙ ቀድሞ መምጣት አለበት። ይህም በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ይታተማል፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለማያውቅ ገጹ ላይ ሲታይ ምን ያህል እንደሚጮህ በአማርኛ ማሳየት ያስቸግራል። በ2013 ለትምህርት ቤቶች ማጠናከሪያ ታስቦ የቀረበው ጥያቄ 950 ሚሊዮን ዶላር በሚለው አኃዝ የሚጀምር ስለነበር፣ መራጩ ስለ ክፍል ተማሪዎች ብዛትና ስለ መዋዕለ ሕፃናት ከማንበቡ በፊት ሒሳቡን አየ፤ ከሦስት መራጮች ሁለቱ ገደማም እምቢ አሉ።

ሕጉ ከጥያቄው ጋር የገቢ ግምት ለየመራጩ ቤት በፖስታ እንዲላክ ያዛል፤ ግምቱ ከተሳሳተም መዘዝ አለው። በዚያው በ2013 ሕዝቡ በማሪዋና ሽያጭ ላይ አዲስ ግብር ሲፈቅድ፣ በተላከው ወረቀት ላይ የግዛቲቱ ጠቅላላ ወጪ በተጨባጭ ከሆነው አንሶ ተገምቶ ነበር። የማሪዋናው ግብር ራሱ ከታሰበው በላይ ባይሰበሰብም፣ በሌላው መስመር በተፈጠረው ስሕተት ምክንያት ወደ 66 ሚሊዮን ዶላር ለሕዝብ መመለስ ግድ ሆነ፤ መንግሥትም ገንዘቡን ለማስቀረት በ2015 ሕዝቡን እንደገና መጠየቅ ነበረበት። ሕዝቡ ፈቀደ። አንድን ግብር ሁለት ጊዜ ማስፈቀድ ለተቺዎች የሕጉ ግትርነት ማሳያ ሲሆን ለደጋፊዎቹ ደግሞ ሕጉ በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጥ ነው።

ሁለተኛው ምሰሶ የገቢ ጣሪያው ነው። የግዛቲቱ ገቢ በየዓመቱ ሊያድግ የሚችለው በዋጋ ንረትና በሕዝብ ቁጥር ዕድገት ልክ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የተሰበሰበው ለግብር ከፋዩ ይመለሳል። ከ2001 በኋላ ኢኮኖሚው ሲቀዛቀዝ የዚህ ስሌት ጉድለት ተገለጠ፦ ገቢው ሲወድቅ ጣሪያውም አብሮ ይወርድ ነበር፤ ኢኮኖሚው ሲያገግም ግን ጣሪያው ከወረደበት ቦታ ተነሥቶ በዝግታ ያድግ ስለነበር ከኪሳራው ዘመን በጀት መውጣት ያዳግት ነበር። በ2005 ጣሪያውን ለአምስት ዓመት የሚያነሣውና መነሻውን የሚያስተካክለው «ሪፈረንደም ሲ» ሲቀርብ ከዋነኞቹ ደጋፊዎች አንዱ ሪፐብሊካኑ ገዥ ቢል ኦውንስ ነበሩ። ኖርኩዊስትና ሌሎች ወግ አጥባቂ አቀንቃኞች ተቃወሟቸው፤ ሐሳቡ ግን በጠባብ ልዩነት አለፈ። ወግ አጥባቂዎቹ እርስ በርስ እንዲህ የተሰነጠቁበት ጊዜ በታሪኩ ውስጥ ብዙ አይደለም።

ተመላሹ ገንዘብ ለሕጉ ዕድሜ ሰጥቶታል። በ2022 ክረምት ለእያንዳንዱ ብቁ ነዋሪ 750 ዶላር፣ ግብራቸውን በጋራ ለሚያስታውቁ ባልና ሚስት 1,500 ዶላር በቼክ ተላከ። በዴንቨርና በአውሮራ የሚኖረው በርካታ ኢትዮጵያዊ የገቢ ግብሩን እስካስታወቀ ድረስ ከባለሀብቱ እኩል ደርሶታል፤ ብዙውም ቼኩን ከፖስታ ሳጥኑ ሲያወጣ ስለ ዳግላስ ብሩስ ሰምቶ እንደማያውቅ መገመት አያስቸግርም። ቼኩ ቀደም ብሎ እንዲወጣ ያደረገው ሕግ የተፈረመው በዴሞክራቱ ገዥ በጃሬድ ፖሊስ መሆኑ ሲታይ፣ በወግ አጥባቂዎች የተጻፈው ድንጋጌ ለማን የፖለቲካ ጥቅም እንደዋለ አከራካሪ ነው።

ግብር መጨመር ሲከብድ ምክር ቤቱ ፊቱን ወደ አገልግሎት ክፍያ አዞረ፤ ክፍያ እንደ ግብር ስለማይቆጠር የሕዝብ ፈቃድ አይሻም ነበር። በ2009 በመኪና ምዝገባ ላይ የተጨመረው ክፍያ ብዙ ሰው አስቆጣ። ተቃዋሚዎቹም በ2020 በፕሮፖዚሽን 117 አማካይነት፣ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ክፍያ የሚሰበስብ አዲስ የመንግሥት ድርጅት በቅድሚያ ሕዝብ እንዲፈቅደው አደረጉ። በዚያው ዓመት የገቢ ግብር ከ4.63 ወደ 4.55 በመቶ፣ በ2022 ደግሞ ወደ 4.40 በመቶ ዝቅ አለ፤ በሁለቱም ዘመቻዎች ዴንቨር የሚገኘው ኢንዲፔንደንስ ኢንስቲትዩት የተባለው የነጻ ገበያ አቀንቃኝ ተቋም ከፊት ነበር። በ2023 የንብረት ግብርን ቀንሶ በምላሹ መንግሥት ከተመላሹ የበለጠ እንዲያስቀር የሚፈቅደው ፕሮፖዚሽን ኤችኤች ወደቀ።

የሕጉ መንፈስ እስከ የት ሊወስድ እንደሚችል ያሳየችው የብሩስ ከተማ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ናት። በ2009 መጨረሻ ነዋሪዎቿ የንብረት ግብር ጭማሪን ውድቅ ሲያደርጉ፣ የከተማው አስተዳደር በተከታዩ ዓመት ከመንገድ መብራቶቹ ሲሶውን አጠፋ፣ ከመናፈሻዎች የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎችን አነሣ፣ ሣሩንም ማጠጣት አቆመ። በደጁ ያለው መብራት እንዲበራለት የፈለገ ሰው ከኪሱ ከፍሎ ማስበራት ይችል ነበር። ግብሩን እምቢ ያለ ሰፈር ለአንድ አምፖል ገንዘብ ሲያዋጣ መታየቱ በአገሪቱ ጋዜጦች ዘንድ መነጋገሪያ ሆነ።

ተቃዋሚዎች በ2011 ድንጋጌው ምክር ቤቱን ሥልጣን አልባ በማድረግ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብለው ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቤት ቢሉም፣ አሥር ዓመት የፈጀው ክርክር በ2021 ያለ ውጤት ተዘጋ። በሌላ በኩል ድንጋጌውን ወደ ሌሎች ግዛቶች ለማስፋፋት የተደረገው ጥረትም አልሰመረም፤ በ2006 የሜይን፣ የነብራስካና የኦሪገን መራጮች ተመሳሳይ ሐሳቦችን ውድቅ አድርገዋል።

ግብርን የሚቃወመው ወገን ብዙውን ጊዜ የመንግሥት ቁጥጥርንም ይቃወማል፤ በኮሎራዶ ይህ ገጽታ ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የሚነካ ታሪክ አለው። በዴንቨር ከ1947 ጀምሮ አንድም አዲስ የታክሲ ኩባንያ ተፈቅዶ አያውቅም ነበር፤ አመልካች ያሉት ኩባንያዎች እንደማይበቁ ማስረዳት ስለሚጠበቅበት፣ ነባሮቹም ጠበቃ ይዘው ስለሚቃወሙት፣ በሩ እንደተዘጋ ዐርባ ዓመት አለፈው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አራት ሹፌሮች የራሳቸውን ኩባንያ ለመክፈት አመልክተው ሲከለከሉ፣ በ1991 የተመሠረተውና በነጻ ገበያ የሚያምነው ኢንስቲትዩት ፎር ጀስቲስ የተባለው የጠበቆች ድርጅት ጉዳያቸውን ይዞ በ1993 ከሰሰ። ከአራቱ አንዱ ኢትዮጵያዊ ነበር። በፍርድ ቤት ባይሳካላቸውም ምክር ቤቱ በ1994 ሕጉን አላላ፤ በ1995 ፍሪደም ካብስ የተባለው ኩባንያቸው ፈቃድ አገኘ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሹፌሮች፣ ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች፣ ለተመሳሳይ ፈቃድ ሲሟገቱ አጋራቸው ሌላ ነበር። በ2016 ሥራ የጀመረውና 800 ያህል ሹፌሮች በባለቤትነት የያዙት ግሪን ታክሲ የኅብረት ሥራ ማኅበር የተደራጀው በሠራተኛ ማኅበር ድጋፍ ነው፤ ሠራተኛ ማኅበራት ደግሞ በታቦር ጉዳይ ከወግ አጥባቂዎቹ በተቃራኒ የሚሰለፉ ናቸው። ማኅበሩ ፈቃዱን እስኪያገኝ ድረስ ኮሎራዶ በ2014 ኡበርንና ሊፍትን በሕግ የፈቀደች የመጀመሪያዋ ግዛት ሆና ነበር፤ እነዚህ ኩባንያዎች የሚተዳደሩበት ደንብ ታክሲው ከሚተዳደርበት የላላ በመሆኑ፣ የታክሲ ፈቃድ ለሚሰጠው የግዛቲቱ ኮሚሽን ማመልከቻ ይዞ ሲመላለስ የቆየው ሹፌር በአየር ማረፊያው ወረፋ ተራውን የሚጠብቀው በስልክ የሚጠራው መኪና ደንበኛውን ጭኖ ሲያልፍ እያየ ነው።