የዶሜይን ግድግዳ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደሴ ላይ አንድ ወጣት የመመረቂያ ጥናቱን ሲያቀርብ ተገኝቼ ነበር። ከኒኬልና ከብረት ቅይጥ በተሠራ ስስ ፊልም ላይ የለካውን ግራፍ አሳየ። ዶሜይን ማለት ማግኔትነቱ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያመለክት የማግኔት ክፍል ነው፤ በፊልሙ ውስጥ የዶሜይን ግድግዳዎች በሚበዙበት ጊዜ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመቋቋም መጠኑ፣ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ አስተያየት ሰጪ ተነሥተው «ይህ የመለኪያ ስሕተት ነው፤ ግድግዳ ኤሌክትሮንን ያግዳል፤ ግድግዳ ሲበዛ ሬዚስታንስ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ግራፉን ከጽሑፉ እንደሚያወጣው ተናገረ። ይህን አባባል ብዙ ጊዜ ሰምቼ አልፌዋለሁ፤ ደህና ልኬት ሲያስጥል ሳይ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጥፋቱ ከስሙ ይጀምራል። ግድግዳ ሲባል ማገርና ጭቃ ይታየናል። የዶሜይን ግድግዳ ግን የቆመ ነገር አይደለም። እዚያ ቦታ ላይ ባዕድ አቶም የለም፤ ስንጥቅም የለም። የአንዱ ዶሜይን ማግኔትነት ወደ ሰሜን፣ የጎረቤቱ ወደ ደቡብ ሲያመለክት፣ በመካከላቸው አቅጣጫው ቀስ በቀስ የሚዞርበት ስፍራ ነው። ስፋቱ በኮባልት 15፣ በብረት 40 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ልጁ በተጠቀመበት ቅይጥ ደግሞ ከዚህም ይሰፋል። ኤሌክትሪኩን የሚሸከመው ኤሌክትሮን የሞገድ ርዝመት ግን ግማሽ ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ካብሬራና ፋሊኮቭ እ.ኤ.አ. በ1974 አስልተው እንዳሳዩት፣ ከእንዲህ ያለ ሰፊ መዞሪያ ኤሌክትሮን ተጋጭቶ የሚመለስበት ዕድል ከቁጥር አይገባም። «ያግዳል» የሚለው ቃል እዚህ ቦታ የለውም።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ ሐረጎ ላይ መንገዱ ይጠማዘዛል። ጥምዝ ግን ኬላ አይደለም። መኪናው አፍንጫውን ከመንገዱ ጋር እያዞረ ይወጣል፤ ኤሌክትሮንም ስፒኑን፣ ማለትም እንደ ትንሽ ማግኔት አቅጣጫ ያለውን ባሕርይውን፣ ከማግኔቱ አቅጣጫ ጋር እያዞረ ግድግዳውን ያልፋል። ባለ ተሳቢ የጭነት መኪናን ከኋላ ተከትሎ የወጣ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። ሾፌሩ መሪውን አጥፎ ጋቢናው ከዞረ በኋላ እንኳ ተሳቢው ገና በቀድሞው አቅጣጫ ላይ ነው፤ ጥምዙ ጠባብ ከሆነ የኋላ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ይቆርጡና አስፋልቱን ለቀው የዳሩን ጠጠር ይፈጫሉ። ስፒንም እንዲሁ ከማግኔቱ አቅጣጫ ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል። እንደ ኮባልት ባለ ማግኔታዊ ብረት ውስጥ ስፒኑ ወደ አንድ አቅጣጫ የሆነ ኤሌክትሮን አስፋልት ላይ፣ ተቃራኒው ጠጠር ላይ እንደሚጓዝ ቁጠሩት። አብዛኛውን ፍሰት የሚሸከመው አስፋልቱ ነው። ወደ ኋላ የቀረው ስፒን ጠጠሩን ሲነካ ሬዚስታንሱ በጥቂቱ ይጨምራል። ሌቪና ዣንግ እ.ኤ.አ. በ1997 በሒሳብ ያስቀመጡት ይህንኑ የሁለቱን መንገዶች መቀላቀል ነው። በዚያው ዓመት ታታራና ፉኩያማ ደግሞ በከፍተኛ ቅዝቃዜ ግድግዳ ሬዚስታንስን ሊቀንስ እንደሚችል አሳይተዋል። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ በክፍል ሙቀት ኤሌክትሮን መዞሪያውን ሳይጨርስ በመንገዱ ላይ ደጋግሞ ይጋጫል፤ ስለዚህ የተሳቢውን ምሳሌ ከዚህ በላይ መጎተት አይገባም።

በተነባበሩ ፊልሞች ላይ ስሕተቱ ይብሳል። ሁለት የማግኔት ሽፋኖች በመካከላቸው ስስ የመዳብ ሽፋን ይዘው ቢደራረቡና ግድግዳው በአንደኛው ሽፋን ውስጥ ብቻ ቢኖር፣ ከግድግዳው በአንድ ወገን የሁለቱ ሽፋኖች ማግኔትነት ተመሳሳይ አቅጣጫ ይይዛል፤ በሌላው ወገን ይቃረናል። የተቃረኑበት ወገን ሬዚስታንሱ ከፍ ያለ ነው። ይህ ፌርትና ግሩንበርግ እ.ኤ.አ. በ1988 ያገኙትና በ2007 የኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ክስተት ነው። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ የሁለቱ ወገኖች ድርሻ ስለሚለወጥ ሬዚስታንሱ ይለወጣል። ኦኖና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 በቀጭን ሽቦ ላይ ግድግዳው የት እንደደረሰ በሬዚስታንስ ብቻ ያነበቡት በዚህ መንገድ ነው። ለውጡን የፈጠረው የሽፋኖቹ መቃረን ነው፤ ግድግዳው ወሰናቸውን አመለከተ እንጂ ፍሰቱን አላገደም።

የልጁ ፊልም ግን ባለ አንድ ሽፋን ነው፤ የእሱ ጉዳይ ከዚህም የቆየ ነው። በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1857 እንዳቀረበው፣ የብረትም ሆነ የኒኬል ሬዚስታንስ ፍሰቱ ከማግኔቱ ጋር በአንድ መስመር ሲሄድ ከፍ፣ ሲያቋርጠው ዝቅ ይላል። በዚህ ቅይጥ ልዩነቱ 2 በመቶ ገደማ ስለሚደርስ የግድግዳውን የራሱን ድርሻ በቀላሉ ይውጠዋል። የልጁ ፊልም ሙሉ በሙሉ ማግኔት ሲሆን ፍሰቱና ማግኔቱ በአንድ መስመር ነበሩ። ግድግዳ ሲበዛ ከማግኔቱ ከፊሉ ወደ ጎን ዞረ፤ ሬዚስታንሱም ወረደ።

ከመድረኩ ሲወርድ ጠብቄ፣ ግራፉን እንዳያወጣው ለመንሁት። መግነጢሳዊ መስኩን ባለበት ትቶ ፍሰቱን በፊልሙ ወርድ ያስኪድና እንደገና ይለካ፤ ያ ጉድጓድ ወደ ጉብታ ከተገለበጠ ያየው የኬልቪንን ክስተት ነው።