"ቀሽም" የተባሉ ፊልሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወሎ ውስጥ የፊልም ክርክር ሞልቷል። ደሴ ፒያሳ ቡና ላይ ቁጭ ተብሎ ይከራከሩበታል። ኮምቦልቻ ከሥራ መልስ ፍላሽ አስሞልቶ የሚሄድ አለ። ወልድያና ሐይቅ ደግሞ ብዙው ወጣት በስልኩ ያያል። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ በአጭር ይቀራል። አንዱ "እሱን ፊልም እኮ ሁሉም ነው የጠላው" ካለ በቃ፣ ሌላ ወሬ ይመጣል።

እኔ ከተጠሉት ፊልሞች ውስጥ የምወዳቸው ብዙ ናቸው። የምከራከርላቸውም ከልቤ ነው። አንድ ፊልም በወጣበት ሰሞን የሚሰጠው ፍርድ በአብዛኛው የሚነግረን ተመልካቹ ምን ጠብቆ እንደገባና ምን ዓይነት ቅጂ እንዳየ ነው። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

"ሃያሲውም ተመልካቹም ከጠላው አበቃለት"

የጆን ካርፔንተር "ዘ ቲንግ" ሰኔ 1982 ወጣ። ታሪኩ አንታርክቲካ ላይ ነው። በረዶ ውስጥ የታጠሩ ሰዎች መሃል የማንንም መልክ መያዝ የሚችል ፍጡር ይገባል። ከዚያ በኋላ ማን ሰው እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ሃያሲያን ቀጠቀጡት። አስቀያሚ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ገጸ ባሕርያቱ ስሜት የላቸውም አሉ። ሕዝቡም ብዙ አልሄደለትም። የኤንዮ ሞሪኮኔ ሙዚቃ ሳይቀር በዓመቱ መጥፎ ሥራዎች ላይ ለሚያላግጠው ለራዚ ሽልማት ታጨ። ካርፔንተርም ከዚያው ስቱዲዮ ጋር ሊሠራው የነበረውን ቀጣይ ፊልም አጣ።

ምን ሆኖ ነው? ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የስፒልበርግ "ኢ.ቲ." ወጥቶ ነበር። ሕዝቡ ልጆች የሚወዳጁትን ደግ የሌላ ዓለም ፍጡር አይቶ፣ አልቅሶ ወጥቷል። በዚያ ስሜት ላይ ሳለ ሰው የሚውጥ ፍጡር መጣበት።

"ቀዝቃዛ ነው" ለሚለው ግን የምመልሰው ፊልሙን ራሱን ነው። የደም ምርመራውን ትዕይንት እዩት። ሰዎቹ ታስረው ተቀምጠዋል። ዋናው ተዋናይ ከርት ራስል ሽቦ በእሳት እያጋለ የእያንዳንዱን ሰው ደም ይነካል። ወሬ የለም ማለት ይቻላል። የዓመታት ባልደረቦች ዓይን ለዓይን መተያየት አቅቷቸዋል። እዚያ ላይ ሞቅ ያለ ወዳጅነት ቢጨመር ፊልሙ ይዋሻል። ሃያሲው ጉድለት ያለው ቅዝቃዜ የፊልሙ ጉዳይ ራሱ ነው፤ መተማመን ሲጠፋ ሰው ምን እንደሚሆን።

ዛሬ "ዘ ቲንግ" ከአስፈሪ ፊልሞች ሁሉ ከምርጦቹ መሃል ይቆጠራል። ሞሪኮኔም በ2016 ኦስካር ሲያገኝ፣ በተሸለመበት ፊልም ውስጥ ለ"ዘ ቲንግ" ጽፎት ሳይሠራበት የቀረ ሙዚቃ ነበረበት። ይህን ሳስብ አሁንም ደስ ይለኛል።

"35 በመቶ ካመጣ፣ ከመቶ 35 አገኘ ማለት ነው"

አይደለም። የሃያሲያንን አስተያየት የሚሰበስበው ሮተን ቶማቶስ የተባለ ድረ ገጽ ላይ የሚታየው ቁጥር የፈተና ውጤት አይደለም። ስንት በመቶ የሚሆኑት ሃያሲያን በጥቅሉ "ጥሩ ነው" እንዳሉ ብቻ ነው የሚናገረው። አሥር ሃያሲያን ሁሉም ከአሥር ስድስት ቢሰጡና ያ እንደ አዎንታዊ ቢቆጠር ፊልሙ 100 በመቶ ያመጣል። አምስቱ አሥር ከአሥር ሰጥተው አምስቱ አራት ቢሰጡት ደግሞ 50 በመቶ ይሆንና "የበሰበሰ" ይባላል። አማካዩ ግን ሰባት ነው! ስለዚህ ሰውን ለሁለት የሚከፍል ደፋር ፊልም ሁልጊዜ ይጎዳል። ማንንም የማያስቀይም ፊልም ይጠቀማል። ዝቅተኛ ቁጥር ሳይ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የወደዱት ሰዎች ለምን እንደወደዱት ነው።

"እኛ ያየነው ያው ፊልሙን ነው"

ይኼኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛን በቀጥታ ስለሚመለከት።

"ብሌድ ራነር" የወጣው ከ"ዘ ቲንግ" ጋር በአንድ ቀን ነው። እሱም ከሰረ፣ እሱም ተተቸ። ሕዝብ ያየው ቅጂ ላይ ግን ሃሪሰን ፎርድ ታሪኩን ከላይ ሆኖ ይተርካል፤ መጨረሻውም ደስ የሚል ተደርጓል። ሁለቱም የገቡት ፊልሙ ለሙከራ ታይቶ ሰው ግራ ገባኝ ካለ በኋላ ነው። በ1992 የወጣው ቅጂ ትረካውንም ያንን መጨረሻም አነሳ። በ2007 ደግሞ ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት የመጨረሻዬ ያለውን አወጣ። የሰርጂዮ ሊዮኔ "ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን አሜሪካ" በ1984 የባሰ ደረሰበት። ወደ አራት ሰዓት የሚጠጋው ፊልም ለአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች 139 ደቂቃ ሆነ። ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚመላለሰው ታሪክም በጊዜ ቅደም ተከተል ተደረደረ። አሜሪካ ውስጥ የተሰደበው ያ የተቆራረጠው ነው።

እኛስ? የእኛ ሰፈር ልጆች ስንት ፊልም ያየነው ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን ነው። አንድ ተርጓሚ የወንዱንም የሴቷንም ንግግር በአማርኛ ከላይ እየተናገረበት። ያንን ዘመን አላናንቀውም፤ ሲኒማ ያስተማረን እሱ ነው። ተርጓሚው ጎበዝ ከሆነ ፊልሙ ላይ ነፍስ ይዘራበት ነበር። ግን ድምፅን የሚጠቀም ፊልም እዚያ ተጎድቷል። ዝምታ ያለበት ቦታ ሁሉ ማብራሪያ ይገባበታል። ዛሬ ደግሞ ሌሊት ላይ የተቀረጸ ጨለማ ፊልም ቀን ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ በስልክ ይታያል። ከሲኒማ ቤት በስርቆት የተቀረጸ ቅጂም አለ፤ የሰው ጭንቅላት ሲያልፍ ይታይበታል። እንዲህ አይቶ "ቀሽም ነው" ማለት ለሠሪዎቹ ግፍ ነው። ደህና ቅጂ አግኝታችሁ ማታ መብራት አጥፍታችሁ እዩት። ከዚያ ብትጠሉት አብሽሩ፣ መብታችሁ ነው።

"ቀርፋፋ ከሆነ ድብርት ነው"

ይኼ አባባል ከወሎ ልጅ አፍ ሲወጣ ይገርመኛል። አምባሰል ቅኝት የወጣው ከዚሁ ከእኛ ምድር ነው። ዘፋኟ አንዷን ስንኝ ስታስረዝማት "ቶሎ በይ" የሚል ሰው አላየሁም። ፊልም ላይም ዝግታው ምን እየሠራ እንደሆነ መጠየቅ እንችላለን። ምንም የማይሠራ ዝግታም አለ፤ እሱን እኔም እዘለዋለሁ።

"ገንዘቡን ካልመለሰ ሰው አልፈለገውም"

የህንድ ፊልም ወዳጆች "ሾሌይ"ን ታውቃላችሁ። ነሐሴ 1975 ሲወጣ ሃያሲያን አጣጣሉት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወድቋል ተብሎም ተወራ። መጨረሻውን ለውጠን እንቅረጸው የሚል ሐሳብ ሁሉ ተነስቶ ነበር። ትንሽ ተጠበቀ፤ ያዩት ሰዎች ለሌላው ነገሩ። ከዚያ በቦምቤይ ሚነርቫ ሲኒማ ከአምስት ዓመት በላይ ታየ።

የህንዱ ተዋናይና ዳይሬክተር ራጅ ካፑር ግን እንዲህ አልቀናውም። ዓመታት የፈጀበት "ሜራ ናም ጆከር" በ1970 ወጥቶ ከሰረ፣ ዕዳ ውስጥም ከተተው። ከአራት ሰዓት በላይ የሚሄድ፣ ሁለት ዕረፍት ያለው ፊልም ነው። አሁን ከትልልቅ ሥራዎቹ አንዱ ይባላል።

የእኛው ኃይሌ ገሪማ "ሳንኮፋ"ን በ1993 ሲያወጣ ደግሞ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልተቀበሉትም። እሱ ራሱ አዳራሽ እየተከራየ አሳየው፤ ሰውም መጣ። ያልተፈለገው ፊልሙ አልነበረም። በሩን የያዙት ሰዎች ናቸው ያልፈለጉት።

"የተጠላ ፊልም የሚወድ ሰው ለየት ለማለት ነው"

አንዳንዱ ለዚያ ያደርገዋል፤ አልክድም። "የተጠላ ሁሉ ድብቅ ድንቅ ሥራ ነው" የሚለውም ስህተት ነው። አብዛኛው የተጠላ ፊልም በእውነት ደካማ ነው፤ ጊዜም አያነሳውም። ልዩነቱ የሚታወቀው በአከራከሩ ነው። ለየት ማለት የፈለገ ሰው "አልገባችሁም" ብሎ ያልፋል። የሚወድ ሰው ትዕይንት ይጠቅሳል፣ ጉድለቱንም ይቀበላል።

ለምሳሌ የማይክል ቺሚኖ "ሄቨንስ ጌት"። በ1980 ሲወጣ ወደ 44 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ ነበር። ከኒውዮርክ ሲኒማ ቤት ወዲያው ተነስቶ በቀጣዩ ዓመት 1981 አጥሮ ተመለሰ፤ ገቢው 4 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለው ትልቅ ስቱዲዮም ብዙም ሳይቆይ ተሸጠ። መጀመሪያ ላይ ያለው የምረቃ ክፍል ከሚገባው በላይ ረዝሟል፤ ይህን አልከላከልም። በቀረጻው ላይ ፈረሶች ተጎዱ መባሉንም ምንም ውበት አይሰርዘውም። ግን ስደተኞቹ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ጎማ በተገጠመለት መንሸራተቻ ጫማ እየተንሸራተቱ፣ አንድ ወጣት ቫዮሊን እየመታ የሚዞርበት ትዕይንት አለ። እነዚያ ድሆች ሊገደሉ በስም የተዘረዘሩ ናቸው። ለጥቂት ደቂቃ ግን ሕዝብ ሆነው፣ ደስ ብሏቸው እናያቸዋለን። ኋላ ጥይቱ ሲመጣ ማን እንደሚሞት እናውቃለን። "ፊልሙ ምንም የለውም" የሚል ወዳጅ ካለ ያንን ትዕይንት አብረን እንክፈተውና የቱ ጋ እንደከሸፈ ያሳየኝ።