በ5 ዋት ውቅያኖስ መሻገር፦ በትንሽ ኃይል ስለሚሠራ ቤት ሠራሽ ዲጂታል ሬዲዮ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአማተር ሬዲዮ ዓለም በትንሽ ኃይል መሥራት «ኪው አር ፒ» ይባላል። በሞርስና በዲጂታል ሲሆን በተለምዶ ከ5 ዋት አይበልጥም። በእጅ የተበየደች፣ መዳፍ ላይ የምታርፍ ሬዲዮ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ከውቅያኖስ ማዶ መልስ ማግኘት ዛሬ ብርቅ አይደለም። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ዘዴ ኤፍቲ8 ይባላል። ይፋ የሆነው በ2017 ነው። ከሠሩት ሰዎች አንዱ ጆ ቴይለር ነው፤ በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ካገኙት ሁለት ሳይንቲስቶች አንዱ። ሽልማቱን ያገኘው ከጠፈር የሚመጣ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ በማጥናት ነው። ደካማ ሲግናልን ከጫጫታ ለይቶ ማውጣት የኖረበት ሙያ ነው።

ስለዚህ ሥራ ግን ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል። አንዳንዱ ጀማሪውን ገና ሳይጀምር ተስፋ ያስቆርጠዋል። አንዳንዱ ደግሞ ያዘናጋል፤ እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

«በ5 ዋት የትም አይደረስም»

100 ዋት የ5 ዋት 20 እጥፍ ነው። ሲሰሙት ተስፋ ያስቆርጣል። በዴሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ ልዩነት በሚለካበት ሚዛን) ሲሰላ ግን ልዩነቱ 13 ብቻ ነው። በሬዲዮ የሲግናል መለኪያ ላይ አንድ ኤስ ነጥብ 6 ዴሲቤል ነው። ስለዚህ ከ100 ወደ 5 ዋት ሲወረድ ተቀባዩ ጋ የሚቀንሰው ከሁለት ነጥብ ትንሽ ቢበልጥ ነው። 7 ላይ የነበረው መርፌ 5 አካባቢ ይቆማል። አይጠፋም።

ዘዴው ሲጨመርበት ደግሞ ሒሳቡ ጭራሽ ይገለበጣል። አማተሮች በድምፅ በሚያወሩበት ዘዴ፣ በኤስኤስቢ፣ ለመግባባት ሲግናሉ ከጫጫታው በላይ መውጣት አለበት። ኤፍቲ8 በዚያው ሚዛን 21 ዴሲቤል ገደማ ከጫጫታው ዝቅ ብሎም ይነበባል። ከ100 ወደ 1 ዋት መውረድ የሚያሳጣው 20 ዴሲቤል ነው። እንግዲህ በ1 ዋት የተላከ የኤፍቲ8 መልእክት በ100 ዋት ከተነገረ ድምፅ የባሰ ዕድል የለውም። ዊስፐር የሚባለው ሌላው ዘዴ ከዚህም ይርቃል። አማተሮች ጥቂት አሥር ሚሊዋት የሚያወጣ ማሰራጫ የተሸከሙ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ፊኛዎች ለቅቀው ዓለምን ሲዞሩ በዊስፐር ተከታትለዋቸዋል።

ሞገዱን ወደ ምድር የሚመልሰው አዮኖስፌር በዚያ ሰዓት ለዚያ ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) ካልተመቸ ግን 100 ዋትም አያድንም። ተጨማሪ ዋት ከመፈለግ በፊት አንቴናውን ማስተካከል ይሻላል። የአንቴና ማሻሻያ ለመላክም ለመቀበልም ይጠቅማል። ዋት የሚጠቅመው ለመላክ ብቻ ነው።

«ኤፍቲ8 ከጫጫታ በታች ያለውን የሚሰማ ተአምር ነው»

ተአምር የለበትም። ይህን የተረዳ ሰው የቀረውን ሁሉ በቀላሉ ይረዳል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

ሶፍትዌሩ ከአንድ ጣቢያ አጠገብ «-20» ብሎ ሲጽፍ ሲግናሉን የሚያወዳድረው በ2500 ኸርዝ ስፋት ውስጥ ካለው ጫጫታ ሁሉ ጋር ነው። የኤፍቲ8 ሲግናል ግን የሚይዘው 50 ኸርዝ ብቻ ነው። አንድ ሰው ሲያንሾካሽክ አዳራሽ ሙሉ ከሚያወራው ሕዝብ ጫጫታ ጋር እንደ ማወዳደር ነው፤ ጆሮውን አፉ ላይ ለደቀነ ሰው ግን ሹክሹክታው ይሰማል።

በቁጥር እንየው። ኤፍቲ8 ስምንት ቃናዎች አሉት። በመካከላቸው ያለው ርቀት 6.25 ኸርዝ ነው። በአንድ ቅጽበት የሚላከው አንዱ ቃና ብቻ ነው። ሶፍትዌሩም የሚያዳምጠው በዚያች ጠባብ ቦታ ነው። 6.25 ኸርዝ የ2500 ኸርዝ 400ኛ ክፍል ነው። ጫጫታውም 400 ጊዜ ያንሳል፤ 26 ዴሲቤል ማለት ነው። -21 የነበረው +5 ሆነ። በራሱ ቦታ ላይ ሲግናሉ ከጫጫታው በላይ ነው።

ከዚያ የስህተት ማረሚያው ይመጣል። መልእክቱ 77 ቢት ነው። 14 የማረጋገጫ ቢቶች ይጨመሩበታል። በዚያ ላይ 83 የማረሚያ ቢቶች ሲታከሉ 174 ይሆናል። እያንዳንዱ ቃና ሦስት ቢት ይሸከማል፤ 174 ለ3 ሲካፈል 58 ቃናዎች። ተቀባዩ ጊዜውንና ፍሪኩዌንሲውን እንዲያገኝ 21 የማመሳሰያ ቃናዎች ይገቡበታል። ድምሩ 79። እያንዳንዱ 0.16 ሰከንድ ይቆያል። 79 በ0.16 ሲባዛ 12.64 ሰከንድ። የኤፍቲ8 ተራ 15 ሰከንድ የሆነው ለዚህ ነው። በመንገድ ላይ ብዙ ቢት ቢበላሽ እንኳ መልእክቱ ሙሉ ሆኖ ይወጣል።

በነጻ የመጣ ነገር ግን የለም። በ15 ሰከንድ 77 ቢት በጣም ጥቂት ነው። ጥሪ ምልክት፣ ቦታን የሚጠቁም አጭር ኮድና የሲግናል ሪፖርት ይይዛል፤ በነጻ ጽሑፍ ከተላከ ከ13 ፊደል አያልፍም። በኤፍቲ8 ወግ የሚጠብቅ ሰው ቅር ይለዋል። እየጻፉ ማውራት ለሚፈልግ ጄኤስ8 ወይም በ1998 የወጣው ፒኤስኬ31 አለለት።

«ለዲጂታል የተሟላ የኤስኤስቢ ትራንሲቨር መሥራት ግድ ነው»

ለፒኤስኬ31 ቢባል ያስኬዳል። የፒኤስኬ31 ሲግናል ከፍና ዝቅ ይላል፤ ማጉያው ያንን ሳያዛባ ማሳለፍ አለበት። ኤፍቲ8 እና ዊስፐር ግን ጉልበታቸው አይለዋወጥም። የሚለወጠው ቃናው ብቻ ነው። ስለዚህ ሚክሰር፣ የክሪስታል ፊልተር፣ መስመራዊ ማጉያ ሳያስፈልግ ማስተላለፍ ይቻላል።

ብዙዎቹ ቀላል ቤት ሠራሽ ሬዲዮዎች የሚሠሩት እንዲህ ነው። ኮምፒዩተሩ በሳውንድ ካርዱ ቃና ይልካል፤ 1500 ኸርዝ እንበል። ትንሿ ማይክሮኮንትሮለር የቃናውን ፍሪኩዌንሲ ትለካለች። ኤፍቲ8 በሚሠራበት 14.074 ሜጋኸርዝ ላይ ትደምርና ኤስአይ5351 የሚባለውን የፍሪኩዌንሲ ማመንጫ ቺፕ «14.0755 አውጣ» ትለዋለች። ቃናው ሲቀየር እንደገና ትለካለች፤ እንደገና ታዛለች። ከቺፑ የወጣው ጥቂት ትናንሽ ትራንዚስተሮችን እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ያበራል፣ ያጠፋል። ትራንዚስተር ሙሉ በሙሉ ሲበራ ወይም ሲጠፋ ብዙም አይሞቅም። «ክላስ ኢ» የሚባለው ማጉያ በደንብ ከተስተካከለ ከ80 በመቶ በላይ ውጤታማ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። 5 ዋት ለማውጣት በ12 ቮልት ግማሽ አምፒር ገደማ ይበቃዋል። ለእኔ ከዚህ የሚያምር የሬዲዮ ንድፍ የለም።

«ቤት ሠራሽ ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲው አይረጋም»

በኮይልና በተለዋዋጭ ካፓሲተር ይሠራ በነበረበት ጊዜ እውነት ነበር። ዛሬ ማመንጫው ክሪስታል ላይ የቆመ ነው። ጥያቄው የትኛው አለመርጋት ነው የሚጎዳው የሚለው ነው።

ክሪስታሉ በሚሊዮን አንድ ቢሳሳት 14 ሜጋኸርዝ ላይ 14 ኸርዝ ይሆናል። በሚሊዮን አምስት ቢሳሳት 70 ኸርዝ። ይህ ለኤፍቲ8 ምንም አይደለም፤ ተቀባዩ ወደ 3000 ኸርዝ የሚጠጋ ስፋት በአንዴ ያዳምጣል። ለዊስፐር ግን ይከብዳል፤ የተመደበለት ስፋት 200 ኸርዝ ብቻ ስለሆነ ካሊብሬሽን (ከትክክለኛ መለኪያ ጋር ማስተካከል) ይጠይቃል።

የሚጎዳው በመላክ ላይ እያሉ መንሸራተት ነው። ሙከራው ቀላል ነው። ሬዲዮዋን በአንቴና ምትክ ከሚገጠም የ50 ኦም መፈተሻ ጭነት ጋር አገናኙና ሌላ ተቀባይ ላይ ሲግናሏን በስክሪን ተመልከቱ። ከዚያ በክሪስታሉ ቆርቆሮ ላይ ትንፋሽ እፍ በሉበት። ቀጥ ብሎ ይወርድ የነበረው መስመር ወደ ጎን ሲታጠፍ በዓይናችሁ ታያላችሁ። የማጉያው ትራንዚስተሮች ከክሪስታሉ አጠገብ ከተበየዱ ሙቀታቸው በየተራው ይህንኑ ያደርጋል። መፍትሔው ማራራቅ፣ በነፋስ እንዳይመታ መሸፈን፣ ወይም የሙቀቱን ለውጥ ራሱ የሚያካክስ ኦሲሌተር (የፍሪኩዌንሲ ማመንጫ) መግጠም ነው።

«ድምፁን ከፍ ባደረግኩ ቁጥር ሩቅ እደርሳለሁ»

ቃናውን ለክታ በምታመነጭ ሬዲዮ ላይ ድምፁ ከበቂ በላይ ቢጨመር ኃይሉ አይጨምርም። በኤስኤስቢ ሬዲዮ ላይ ደግሞ ጉዳት አለው። ድምፁ ሲበዛ ይዛባል፤ የ700 ኸርዝ ቃና 1400 እና 2100 ላይ ልጆች ይወልዳል። አንድ ጣቢያ የሦስት ጣቢያ ቦታ ያዘ ማለት ነው። ድምፁን መቀነስና ቃናውን ከ1500 ኸርዝ በላይ ማድረግ ነው። ያኔ እጥፉ ከ3000 በላይ ይወጣና የሬዲዮው ፊልተር ያስቀረዋል።

«5 ዋት ማንን ይረብሻል? ፊልተሩ ይቅር»

አጥብቄ የምከራከረው እዚህ ላይ ነው። ትራንዚስተርን እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ያሠራ ማጉያ ንጹሕ ሞገድ አያወጣም። ንጹሕ ካሬ ሞገድ ብንወስድ ሦስተኛው ሃርሞኒክ (በዋናው ፍሪኩዌንሲ ሦስት እጥፍ ላይ የሚወጣው ሞገድ) የዋናው ኃይል አንድ ዘጠነኛ ነው። ለ5 ዋት ከግማሽ ዋት ይበልጣል። ከላይ በአንድ ዋት የተላከ ኤፍቲ8 በ100 ዋት ከተነገረ ድምፅ እንደማይብስ ተነጋግረናል። ያው ፊዚክስ ለቆሻሻውም ይሠራል። በግማሽ ዋት የምንኮራ ሰዎች ግማሽ ዋት ቆሻሻን ከቁም ነገር አለመቁጠር አንችልም።

የት እንደሚያርፍም እንይ። 7.074 ሜጋኸርዝ በሦስት ሲባዛ 21.222 ነው፤ የሌሎች አማተሮች ቦታ። 10.136 በሁለት ሲባዛ 20.272፤ እዚያ አማተር የለም፤ የሚረበሸው የሌላ አገልግሎት ተጠቃሚ ነው። የአሜሪካው ሕግ ለምሳሌ ከ30 ሜጋኸርዝ በታች ይህ ቆሻሻ ከዋናው ሲግናል ቢያንስ 43 ዴሲቤል እንዲያንስ ያዛል። ለ5 ዋት ሩብ ሚሊዋት ማለት ነው።

ስለዚህ በየባንዱ ሎው ፓስ ፊልተር (ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ አሳልፎ ከፍተኛውን የሚያስቀር) ይገባል። የፊልተሩ ኮይሎች በሚሠሩባቸው ቀለበቶች ላይ ሽቦ ሲጠመጠም በቆጠራው ጥንቃቄ ይደረግ፤ በቀዳዳው ውስጥ ያለፈ እያንዳንዱ ማለፊያ አንድ ዙር ነው። 16 መሆን የነበረበት 17 ቢሆን ኢንዳክታንሱ 13 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ምክንያቱም የሚያድገው በዙሩ ካሬ ነው። ፊልተሩ ከታሰበው በታች መቁረጥ ይጀምራል፤ ኃይሉም ያለ ምክንያት የወረደ ይመስላል። ተሠርቶ ሲያልቅ በየፍሪኩዌንሲው የሚወጣውን ኃይል በሚያሳየው መሣሪያ፣ በስፔክትረም አናላይዘር፣ ይለካ። አንቴናው የሚገጠመው ከዚያ በኋላ ነው።

በዚሁ ላይ፦ ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ ላይሰንስ አያስፈልግም የሚል ወሬም አለ። በአማተር ባንድ ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ 5 ዋትም ቢሆን።

«በ5 ዋት ትራንዚስተር አይቃጠልም»

ይቃጠላል። በንግግር ጊዜ ሙሉ ኃይል የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። ኤፍቲ8 ግን ለ12.64 ሰከንድ ያለ እረፍት ሙሉ ኃይል ያወጣል፤ በ30 ሰከንድ አንዴ። ዊስፐር ለ110 ሰከንድ ያህል። በእነዚህ ሬዲዮዎች ላይ የሚዘወተረው ቢኤስ170 ትራንዚስተር ሊችለው የሚችለው ሙቀት ከአንድ ዋት በታች ነው። ማጉያው 80 በመቶ ውጤታማ ሲሆን ወደ ሙቀት የሚለወጠው 1.25 ዋት ለሦስት ትራንዚስተሮች ይካፈላል፤ ይችሉታል። አንቴናው ተበላሽቶ ውጤታማነቱ ወደ 50 ቢወርድ 5 ዋት ሙቀት ይወርድባቸዋል። መጀመሪያ አንቴናውን ለኩ።

«ያለ ኢንተርኔት አይሠራም»

የሚያስፈልገው ትክክለኛ ሰዓት ነው። ስህተቱ ከአንድ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል። ከጂፒኤስ ሊወሰድ ይችላል። እሱም ከሌለ ሶፍትዌሩ ላይ «ዲቲ» የሚለውን ዓምድ እዩ። የምትሰሟቸው ጣቢያዎች ሁሉ 1.2 አካባቢ ካሳዩ የተሳሳተው የእናንተ ሰዓት ነው፤ እስኪስተካከል ድረስ በእጅ ማንቀሳቀስ ነው።

«ሁሉንም እሰማለሁ፣ ማንም አይመልስልኝም፤ ሬዲዮዬ ተበላሽቷል»

ብዙ ጊዜ አልተበላሸም። እናንተ -5 ብላችሁ የምትሰሙት ጣቢያ 100 ዋት እየላከ ይሆናል። በ5 ዋት የእናንተ ሲግናል እሱ ጋ፣ ጫጫታው እኩል ቢሆን፣ -18 ይደርሳል፤ ጠርዝ ላይ ነው። እሱ በከተማ መካከል በቻርጀርና በኤልኢዲ መብራት ጫጫታ ተከቦ ከሆነ ጭራሽ ላይሰማችሁ ይችላል። ስለዚህ -15 እና ከዚያ በታች የሚሰሙትን መጥራት ድካም ነው። ዜሮ አካባቢና ከዚያ በላይ የሚሰሙትን ጥሩ። ሬዲዮው መሥራቱን ለማረጋገጥ ደግሞ ዊስፐር ላይ አንድ ሌሊት ይተውት፤ ጠዋት ላይ የትኞቹ ጣቢያዎች እንደሰሙት ዝርዝሩን ከነርቀቱ ኢንተርኔት ላይ ያገኙታል።