የግድግዳ ሻጋታ ምንድን ነው?

ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጃፋችን ላይ ይቆማል። ሐምሌና ነሐሴ የታጠበ ልብስ ሁለት ቀን ተሰጥቶም አይደርቅም። ደሴ ላይ ልጅ ሲያስል መልሳችን የታወቀ ነው፦ «ብርድ መትቶት ነው»። ሊሆን ይችላል። ግን እባካችሁ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጉና ከጀርባው እዩ። ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጠብጣብ ካለ፣ ያ የታፈነ ሽታም ከመጣ፣ ብርዱን ብቻ አትክሰሱ።

ሻጋታ ያው እንጀራ ላይ የምናውቀው ፈንገስ ነው። ዘሩ በዓይን አይታይም፤ በማንኛውም ቤት አየር ውስጥ አለ። የሚጠብቀው እርጥበት ነው። ምግብ አያጣም፦ የኮርኒስ ቺፕውድ፣ ካርቶን፣ ጨርቅ፣ ምርጊቱ ውስጥ ያለው ጭድ፣ ቀለም ላይ ያረፈ አቧራ ሁሉ ይበቃዋል። የረጠበ ነገር በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ መብቀል ይጀምራል።

እርጥበቱ ከሚያፈስ ጣሪያ ወይም ከመሠረቱ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን እኛው የምንፈጥረውን ነው። ወጥ ሲሠራ፣ ቡና ሲፈላ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ፣ ተኝተን ስንተነፍስ እንኳ እንፋሎት እንለቃለን። ሞቃት አየር ብዙ እንፋሎት ይይዛል፤ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ግን ውሃ ሆኖ ይቀራል። ጠዋት ቆርቆሮው አልቦ የሚያንጠባጥበው ለዚህ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ሌሊቱ ሞቅ ይላል። ደሴ ግን ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ግድግዳው ሌሊቱን ሙሉ ይቀዘቅዛል። እኛ ደግሞ ብርዱን ፈርተን መስኮቱን ጥርቅም አድርገን እናድራለን።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ እርጥብና ሻጋታ ያለበት ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ለሳል፣ ለትንፋሽ መቆራረጥና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጡ ገልጿል። አፍንጫ ይዘጋል፣ ዓይን ያሳክካል። አስም ያለበት ሰው ይባስበታል። ሕፃናት፣ አዛውንቶችና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች በጣም ያሳስቡኛል። አንዱ ምልክት ይህ ነው፦ ከቤት ወጥቶ ሲውል የሚሻለው፣ ሲመለስ የሚብስበት ሳል።

ቀለም መቀባት መፍትሔ አይደለም። ተከራይቼ የኖርኩበት ክፍል በየዓመቱ ለመስከረም ይቀባ ነበር፤ በዓመቱ ነጠብጣቡ እዚያው ቦታ ብቅ ይላል። ውሃው የሚመጣው ከተሰበረ አሸንዳ ነበር። መጀመሪያ ውሃውን አቁሙ። ከዚያ ቦታው ከአንድ ካሬ ሜትር ካልበለጠ ራሳችሁ ልታጸዱት ትችላላችሁ፦ አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ በሳሙናና ውሃ ፈትጋችሁ በደንብ አድርቁት። ውሃ ጠጥቶ የሻገተ ቺፕውድ ግን አይድንም፤ ይነሳ። በረኪናን ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ቤቱ ይድረቅ ብላችሁም በር ዘግታችሁ ከሰል አታንድዱ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ጣሪያው ወይም ኮርኒሱ አሮጌ፣ ግራጫ የሲሚንቶ ሉህ ከሆነ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ። አስቤስቶስ የሚባል ቃጫ መሳይ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። ሳይነካ ሲቀመጥ አደጋው ትንሽ ነው። በሽቦ ብሩሽ ሲፈገፈግ፣ ሲበሳ ወይም ሲሰበር ግን በዓይን የማይታዩ ቃጫ መሳይ ቅንጣቶች ይበናሉ። ሳንባ ውስጥ ይቀራሉ፤ ካንሰርን ጨምሮ የሚያመጡት በሽታ ብዙ ጊዜ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው የሚታየው። ሻጋታ ለማንሳት ብላችሁ ያን ሉህ አትፈግፍጉ።

ሳሉ ካልለቀቀ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ስለ ግድግዳውም ተናገሩ። በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አሳዩ። ሐኪሙ ቤታችሁን አያየውም።