የአማርኛ ፎንት በሰሜን ሸዋ ኮምፒውተር ቤቶች፦ ፋይል ሲላክ ፊደሉ ለምን ይበላሻል

ከደብረ ብርሃን እስከ መሀል ሜዳ፣ ሸዋ ሮቢትና ዓለም ከተማ ማመልከቻውም የኪራይ ውሉም የእድር ደንቡም የተማሪው መመረቂያ ጽሁፍም የሚተየበው ኮምፒውተር ቤት ነው፣ ከዛ ፋይሉ በፍላሽ ወይ በቴሌግራም ከማሽን ማሽን ይዞራል፣ ጣጣውም እዚህ ጋ ይጀምራል። ሰው ሁሉንም "ፎንቱ (የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፋይል) የለም" ብሎ ያልፈዋል እንጂ ችግሩ ሁለት አይነት ነው።

አንደኛው የድሮው ነው። እነ ቪዥዋል ግዕዝ የሚባሉት የድሮ ፎንቶች መጀመሪያ ሲሰሩ ኮምፒውተር የኛን ፊደል አያውቅም ነበር፣ ስለዚህ የአማርኛው ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ተጫነ። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ዝብርቅርቅ ይመጣል፣ ሙሉውን መርጠህ ኒያላ በሚባለው የዊንዶውስ የአማርኛ ፎንት ብትቀይረውም ወይ ፍንክች፣ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው አማርኛ አይደለማ! ያንኑ የድሮ ፎንት ካልጫንክ የሚያድነው ወደ ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ) የሚቀይር ኮንቨርተር ብቻ ነው። ዩኒኮድ ፊደላችንን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትሙ ነው፣ ከዛ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው።

ሁለተኛው ዩኒኮድ ሆኖም የሚመጣው ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላን ይዞ መጣ (ዊንዶውስ 10 ላይ ግን እንደ ተጨማሪ የሚጫን ሆኗል፣ ለዚህ ነው አዲስ ላፕቶፕ ላይ አንዳንዴ የሚጠፋው)፣ ማክ ከፋ የሚባል አለው፣ አንድሮይድ ስልክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኖቶ የሚባለውን የጉግል ፎንት ይጠቀማል። ጭራሽ ፎንት ከሌለ ባዶ ሳጥን ይደረደራል፣ ሌላ ፎንት ከተተካ ደግሞ ጽሁፉ ይነበባል ግን የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይገፋል፣ አራት ገጽ የነበረው አምስት ይሆናል። ለማመልከቻ ግድ የለም፣ በየገጹ ግርጌ ምስክር ለሚፈርምበት ውል ግን ቀላል ነገር አይደለም።

መፍትሄው ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ መክተት ነው፣ ዎርድ ላይ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ታገኘዋለህ። እዚህ ጋ ነው ላይሰንስ የሚገባው። ፎንት ስትገዛ የምትገዛው የመጠቀም ፈቃድ ነው፣ ፎንቱ ውስጥም መክተት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚል ምልክት አለ፦ አንዱ ሙሉ በሙሉ ይፈቅዳል፣ አንዱ ኤዲት እንዲደረግ ይፈቅዳል፣ አንዱ ለማየትና ለማተም ብቻ፣ አንዱ ጭራሽ ይከለክላል። የከለከለውን ዎርድ አይከተውም። ኒያላም ከዊንዶውስ ጋር የመጣ ነው፣ ገልብጠህ ሊኑክስ ላይ ጫነው ማለት አይደለም። እኛ ጋ ፎንት በፍላሽ መገልበጥ እንደ ነውር አይታይም፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን የኮምፒውተር ፕሮግራምንም በቅጂ መብት ይጠብቃል።

በኔ እይታ ለገጠር ከተማ ኮምፒውተር ቤት የሚያዋጣው አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮጲክ ነው። ሁለቱም በኦፕን ፎንት ላይሰንስ የወጡ ናቸው፣ በነጻ ትጭናለህ፣ ለደንበኛህ ትሰጣለህ፣ ፋይል ውስጥ ትከታለህ፣ የምትከለከለው ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ነው። የተጻፈው ሰነድም የጸሐፊው እንጂ በፎንቱ ላይሰንስ አይታሰርም። ላኪና ተቀባይ አንድ አይነት ፎንት ከጫኑ መስመር የመግፋቱ ነገር በጣም ይቀንሳል።

ለህትመት ብቻ ከሆነ ፒዲኤፍ ይበቃል፣ ብዙውን ጊዜ ፎንቱን አብሮ ይዞ ይሄዳል፣ ያኔ ማተሚያ ቤቱ ምንም ባይጭን ችግር የለም። በድሮው ፎንት ከተጻፈ ፋይል የወጣ ፒዲኤፍ ግን ስታየው ንጹህ አማርኛ ነው፣ ፈልግ ብለህ አማርኛ ቃል ብትጽፍለት አያገኝም፣ ኮፒ አድርገህ ሌላ ቦታ ስትለጥፈው ያው የላቲን ዝብርቅርቅ ነው የሚወጣው።