ወለል ስር የተቋጠረ አየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወለል ስር በተዘረጋ ቧንቧ ሙቅ ውሃ እያዞረ ቤት የሚያሞቅ ሥርዓት አየር ሲቋጠርበት አንዱ ክፍል ሞቆ ሌላው እንደቀዘቀዘ ይቀራል፤ ባለቤቱም ግድግዳ ላይ ከሚቆመው የሙቅ ውሃ ማሞቂያ (ራዲያተር) የለመደውን ዘዴ ይዞ ሙቁን ውሃ ለየቧንቧ መስመሩ ወደሚያድለው ማከፋፈያ ይሄዳል። አብዛኛው ስሕተት የሚመነጨው ከዚሁ ልማድ ነው። ራዲያተር ቀጥ ብሎ ስለሚቆም አየሩ በራሱ ወደ ላይኛው ጫፍ ወጥቶ ይከማቻል፤ ወለል ስር ያለው ቧንቧ ግን በአግድም የተኛ በመሆኑ አየሩ የሚወጣበት ከፍታ የለውም፤ ካለበት የሚያስነሣው የውሃው ፍጥነት ብቻ ነው።

«ማከፋፈያው ላይ ያለውን አየር ማስወጫ መክፈት ይበቃል።» ማስወጫው የሚያስወጣው እርሱ ዘንድ የደረሰውን አየር ብቻ ነው። ወለሉ ውስጥ 50 ሜትር ርቆ የተቀመጠ አረፋ ውሃው ገፍቶ ካላመጣው በቀር ማስወጫው ሙሉ ቀን ተከፍቶ ቢውልም ከቦታው አይነቃነቅም። በቤቶች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ውሃው የሚያልፍበት ክፍተት 12 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ክፍተት በደቂቃ 1 ሊትር ሲያልፍ የውሃው ፍጥነት በሰከንድ 0.15 ሜትር ያህል ነው፤ አረፋን በአግድም ይዞ ለመሄድ ደግሞ በሰከንድ ከ0.2 ሜትር በላይ ማስፈለጉ በሙያው የታወቀ ነው። እንግዲህ ሥርዓቱ በዝግታ እየሠራ አየሩን በራሱ ያወጣዋል ብሎ መጠበቅ በብዙ ቤቶች ከንቱ ነው።

የሚያዋጣው በኃይል በሚገፋ ውሃ ማጠብ ነው። ውሃውን የሚያሞቀው ቦይለርና የሚያዞረው ፓምፕ ጠፍተው ውሃው እስኪበርድ ይጠበቃል፤ ማከፋፈያውን ከቦይለሩ፣ ከፓምፑና ሙቁን ውሃ ከቀዘቀዘው ጋር ከሚያደባልቀው መቀላቀያ ቫልቭ የሚለዩት መዝጊያዎች ይዘጋሉ፤ ይህ ካልሆነ የሚገባው ውሃ በወለሉ ውስጥ ከመዞር ይልቅ በአቋራጭ ያመልጣል። ከዚያ አንድ ጎማ ከመሄጃው (ውሃው ወደ ወለሉ ከሚገባበት) ወገን መሙያ፣ ሌላው ከመመለሻው ወገን ማፍሰሻ ጋር ይታሰርና የሁለተኛው ጫፍ በባልዲ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ግፊት እንዳይጠራቀም በመጀመሪያ ማፍሰሻው፣ ቀጥሎ መሙያው ይከፈታል። በደቂቃ 8 ሊትር ከገባ በአንዱ መስመር ውስጥ ያለው ፍጥነት በሰከንድ 1.2 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ይህን የሚቋቋም አረፋ የለም። 100 ሜትር ርዝመት ያለው መስመር የሚይዘው 11 ሊትር ያህል ስለሆነ ውሃው ከአንድ ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፤ ሆኖም ባልዲው ውስጥ አረፋ መታየቱ እስኪያቆም፣ ካቆመም በኋላ ጥቂት ጨምሮ ማጠብ ይሻላል። የየመስመሩን ፍሰት የሚያሳዩት መለኪያዎች በተቃራኒ አቅጣጫ የሚገፋቸውን ውሃ ስለማይወዱ ከመሄጃ ወደ መመለሻ የሚለው ቅደም ተከተል አይገለበጥም።

«መስመሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከፍቶ ማጠብ ጊዜ ይቆጥባል።» የሚቆጥበው ነገር የለም። ውሃ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ አየር የሌለባቸው አጫጭር መስመሮች ፍሰቱን ይሻሙታል፤ አየር የተቋጠረበት መስመር ግን ራሱ አየሩ እንቅፋት ስለሆነበት ምንም አያገኝም። አንዱ ብቻ ተከፍቶ ሌሎቹ ሁሉ መዘጋት አለባቸው፤ ክፍሎቹን የሚቆጣጠሩ የኤሌክትሪክ መክፈቻዎች ካሉም ተራው የደረሰው መስመር መክፈቻ ተፈትቶ ይነሣል፤ አለዚያ ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ ታጠበ ብሎ ማሰብ ይመጣል። (ይህ ከሚታሰበው በላይ የሚያጋጥም ስሕተት ነው።)

«ሙቀቱን ከፍ ማድረግ አየሩን ያስወጣዋል።» ሙቀት አየርን ያበዛል እንጂ አያስወጣም። ከአየር ጋር የተገናኘ ውሃ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በሊትር 11 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ40 ዲግሪ የሚይዘው ወደ 6.4 ሚሊ ግራም ይወርዳል፤ ትርፉ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ አዲስ የተሞላው ውሃ በመጀመሪያ ሲሞቅ እንደገና አረፋ ቢታይም ሥራው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በራሱ የሚሠራው ማስወጫ ጥቅሙ የሚታየው ያኔ ነው፤ በቀጣዮቹ ቀናት እየተለቀቀ ወደ ማከፋፈያው የሚደርሰውን ጥቂት አየር ይቀበላል። ፓምፑን በአየር ላይ ማሽከርከርም ጉዳት አለው፤ የብዙዎቹ ፓምፖች መሽከርከሪያ የሚለሰልሰው በውሃው ስለሆነ በደረቁ ሲሠራ ይበላል።

ድምፅ ከሌለ አየር የለም የሚሉም አሉ። የሚንጎራጎረው የሚንቀሳቀስ አረፋ ነው፤ መስመሩን ዘግቶ የተቀመጠው ዝም ይላል። ከጆሮ ይልቅ ፍሰት መለኪያው ይታመናል፤ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ፓምፑ እየሠራ ዜሮ ላይ ከቆመ ወይም ከፍ ዝቅ ካለ አየር መጠርጠር ተገቢ ነው።

«ግፊቱ ሲወርድ ውሃ መጨመር ነው።» ከማጠቢያ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ መጨመር የተለመደ ነው፤ በየሳምንቱ መጨመር ግን በሽታውን መመገብ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ውሃ አዲስ ኦክስጅን ይዞ ይገባል፤ ኦክስጅኑ ብረት የሆኑትን ክፍሎች ያዝጋል፤ ዝገቱም ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ማጣሪያውንና ጠባቡን ቧንቧ ይደፍናል። ግፊቱ የሚወርድበት ምክንያት፣ የሚያንጠባጥብ መገጣጠሚያም ይሁን ውሃው ሲሞቅ የሚጨምረውን መጠን የሚቀበለውና የውስጥ አየሩን ያጣ የመስፋፊያ ጋን፣ መፈለግ አለበት። በዝገት ሂደት ሃይድሮጅን ጋዝም ሊፈጠር ይችላል፤ ከማስወጫው የሚወጣው ሁልጊዜ ተራ አየር ላይሆን ስለሚችል እሳት አጠገቡ አይለኮስም።

ፕላስቲክ ቧንቧ ጋዝ አያሳልፍም የሚለውም ትክክል አይደለም። መከላከያ ንጣፍ የሌለው ቧንቧ ኦክስጅንን ቀስ እያለ በግድግዳው ያስገባል፤ ዲን 4726 የተባለው የጀርመን የጥራት ደረጃ በ40 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ0.32 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይገባ የሚወስነው ለዚህ ነው። ውሃው ላይ ፀረ ዝገት ወይም ፀረ በረዶ ፈሳሽ ተጨምሮበት ከነበረ ደግሞ የቧንቧ ውሃ ጠራርጎ ስለሚያወጣው መጠኑ እንደገና መሟላት አለበት፤ ፀረ በረዶ ያለበት ውሃ ወደ ቦይ ከሚደፋ በማጠቢያ ፓምፕ በበርሜል በኩል እየዞረ ቢታጠብ ይመረጣል።

የቀዘቀዘ ወለል ሁሉ አየር አለበት ማለት እንዳልሆነም መጨመር ያስፈልጋል። ተዘግቶ የቀረ መክፈቻ፣ የተደፈነ ማጣሪያ፣ ከሌሎቹ እጅግ የረዘመ መስመር ወይም በትክክል ያልተከፋፈለ ፍሰት ያው ምልክት ያሳያሉ፤ በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሞቅ ወለል ደግሞ ውሃ ስለሌለው ከጉዳዩ ውጭ ነው። ወፍራም ሊሾ ለመሞቅ ሰዓታት ስለሚፈጅበት፣ ከታጠበ በኋላ ውጤቱን በባዶ እግር ወለሉን ረግጦ ከመፍረድ ይልቅ ማከፋፈያው ላይ የየመስመሩን መመለሻ ቧንቧ በእጅ መዳሰስ ይቀድማል፤ ሁሉም ለብ እያሉ ሲመጡ አንዱ ብቻ ቀዝቅዞ ከቀረ መክፈቻውን አይቶ ያንኑ አንዱን ብቻ እንደገና ማጠብ ነው።