የደጋ አዛውንቶች ድባቴ ምንድን ነው?

በአጭሩ፣ ከፍ ባለ ደጋ በሚኖሩ አዛውንቶች ላይ የሚታይ ድባቴ (ዲፕሬሽን) ነው። ለብቻው የቆመ ሌላ በሽታ አይደለም፤ የቆላውን ሰው የሚይዘው ያው ሕመም ነው። ደጋው ግን በሳንባ፣ በደም፣ በእንቅልፍና በኑሮ በኩል የራሱን ጫና ይጨምርበታል። ጉዳዩ ደግሞ የኛው ነው። አዲስ አበባ ራሷ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ነች፣ ሰሜን ተራሮች ላይ ደግሞ ከ3,500 ሜትር በላይ ገብስ እየዘሩ ያረጁ ሰዎች አሉ።

ከአየሩ እንጀምር። አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ብትሄዱ 21 በመቶ ገደማ ነው። ወደ ላይ ስንወጣ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን አብሮ ያንሳል። 2,500 ሜትር ላይ የምናገኘው ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። 3,500 ሜትር ላይ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይሆናል።

ይሄ ከስሜት ጋር ምን አገናኘው? አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ስሜትንና እንቅልፍን በማስተካከል የሚሳተፈው ሴሮቶኒን የተባለው የአንጎል ኬሚካልም ያለ ኦክስጅን አይመረትም። አንዳንድ ተመራማሪዎች ከዚህ ተነስተው ከፍታ ራሱ ድባቴን ያባብሳል ይላሉ። በ2011 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር የወጡ የአሜሪካ ጥናቶችም ከፍታቸው በጨመረ አካባቢዎች ራስን የማጥፋት መጠን ከፍ ብሎ አግኝተውታል። ግን እነዚያ አካባቢዎች ብዙዎቹ ሰው የሳሳባቸው፣ ጠመንጃ በየቤቱ ያለባቸው፣ ሐኪም የሚርቅባቸው ናቸው። ከፍታው ብቻውን ነው ጥፋተኛው ብሎ መደምደም ይከብዳል።

የኛ ሰው ጉዳይ ደግሞ ለየት ይላል። ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቻቸው በአውሮፓውያኑ 2002 ባሳተሙት ጥናት ሰሜን ተራሮች አምባራስ አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር፤ ከ14 እስከ 86 ዓመት የሆኑ። የደማቸው የኦክስጅን መጠን በአማካይ 95.3 በመቶ፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢናቸውም ቆላ ካለ ጤነኛ ሰው ብዙ የማይርቅ ሆኖ ተገኘ። በትውልድ ተላምደውታል። ስለዚህ ጤነኛ የደጋ ተወላጅ አዛውንት ከፍ ያለ ቦታ ስለሚኖሩ ብቻ ድባቴ ይይዛቸዋል ብዬ አላምንም።

እኔን የሚያሳስበኝ መላመዱ የሚሰበርበት ጊዜ ነው። ደጋ ብርድ ነው፣ ብርድ ሲሆን በር ይዘጋል፣ በር ተዘግቶ ማገዶ ይነዳል፣ እናቶቻችን ደግሞ ከልጅነት እስከ እርጅና ያንን ጭስ ሲምጉ ኖረዋል። ሳንባ በጭስ ከተጎዳ በኋላ ትንሽ የኦክስጅን ጉድለት እንኳ ትከብዳለች። በተለይ ሌሊት። እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ጠዋት ራስ ይከብዳል፣ ቀኑን ሙሉ ድካም ነው። ደም ማነስ ሲጨመርበት ይብሳል። አዮዲን በማይበቃበት ደጋ የእንቅርት ችግርም አለ፤ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን ማነስ ድባቴን በጣም ይመስላል፣ ያባብሰዋልም።

ከዚያ ኑሮው አለ። ልጆች አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ናቸው። ጉልበት አልታዘዝ ሲል ዳገቱ ከቤት ያስቀራል። መጀመሪያ ገበያ ይቀራል፣ ቀጥሎ ማኅበሩና ሰንበቴው፣ በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያኑ። በነገራችን ላይ አሜሪካ፣ ዴንቨር ወላጆቻችሁን የወሰዳችሁ ሰዎች፣ ከተማው 1,600 ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል። እዚያ እማማን የሚጎዳቸው ከፍታው ሳይሆን ጎረቤት ማጣቱ ነው የሚሆነው።

ምልክቱ አታላይ ነው። አዛውንት «ከፍቶኛል» ብለው ላይነግሯችሁ ይችላሉ። «ወገቤን»፣ «ሰውነቴ ዛለ»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው የሚሉት። ምግብ ይቀንሳሉ፣ ቡናው ሲፈላ ቁጭ ብለው መጫወት ይተዋሉ፣ ነገር ይረሳሉ። ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይሄ ያናድደኛል። ማርጀት ማለት ሁልጊዜ መከፋት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ነገር ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ አብዛኛውን ቀን ከያዛቸው፣ መታየት አለባቸው። «ሞት ረሳኝ» ሲሉም አትሳቁ፣ በቀጥታ ጠይቋቸው፦ ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ? መጠየቁ ሐሳቡን አይጨምርባቸውም። አዎ ካሉ ብቻቸውን አትተዉአቸው፣ የተባይ መድኃኒትና መሣሪያ ከቤት ይውጣ፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋር ይሂዱ።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ስለ ስሜታቸው ብቻ አታውሩ። የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ፣ የስኳርና የደም ግፊት ልኬት፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ዝርዝር፣ ሁሉም ይታይ። በጣት ላይ በሚሰካው መለኪያ ኦክስጅናቸውም ይለካ፤ ደጋ ላይ ቁጥሩ ከቆላው ትንሽ ዝቅ ቢል አትደንግጡ፣ ትርጉሙን ሐኪሙ ይንገራችሁ። ፀበሉና ጸሎቱ ይቀጥል፣ ከሕክምናው ጋር አይጣላም።

ስለ መድኃኒት አንድ ነገር ልበል። ለእንቅልፍ ብላችሁ ዲያዜፓም ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጧቸው። ትንፋሽን ያዳክማል፣ ሳንባው ለተጎዳ የደጋ አዛውንት አደገኛ ነው፣ ሌሊት ሲነሱም ይጥላቸዋል። አሚትሪፕቲሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒትም ለአዛውንት ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ያዞራል፣ ሆድ ያደርቃል። እንደ ፍሉኦክሴቲን ያሉት የድባቴ መድኃኒቶች ብዙ ጊዜ የተሻሉ ናቸው፣ ግን ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ መተው አይሆንም። በተሻላቸው ማግስትም አይቋረጥም፤ ሐኪሙ ለወራት ያስቀጥልና ቀስ እያለ ይቀንሰዋል። እስከዚያው ፀሐይ ወጣ ስትል ደጃፍ ይቀመጡ፣ ምድጃው ጭስ መውጫ ይበጅለት፣ ከሰንበቴው የቀሩ እንደሆነ ደግሞ ማኅበርተኞቹ እሳቸው ቤት እንዲሰበሰቡ ጠይቁ። ደስ ብሏቸው ነው የሚመጡት።